ዐፄ ካሌብ፦ በሞላ እጁ በቃኝ ያለ ንጉሥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ሲገባ በእኛ በገንዳ ውሃና በመተማ ቆላ ጊዜው ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ሰሊጡ ታጭዶ፣ በየማሳው ቆሞ ደርቆ፣ ተራግፎ ወደ ጆንያ ይገባል። ከደጋ ለአጨዳ የወረደው ወንድማችን ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ እናቱ ለመመለስ ይሰናዳል። ነጋዴው ስልኩን ከጆሮው አያወርድም፤ ኩንታሉ ዛሬ ስንት ገባ እያለ ይጠይቃል። ባለ ማሳውም የራሱን ቆጥሮ ሲጨርስ የጎረቤቱን ይቆጥራል። በእኛ አገር የጾሙ መግቢያና የገንዘብ መቁጠሪያው ወቅት አንድ ላይ ይውላሉ ማለት ነው።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ቆጠራ ደስ ብሎት የሚነሣው ስንቱ ነው? ዐሥር ኩንታል ያገኘ ሃያ ያገኘውን ያያል። ሃያ ያገኘ መቶ ያገኘውን ያያል። መቶ ያገኘው ደግሞ ዋጋው ሳይጨምር ቸኩዬ ሸጥኩ ብሎ እንቅልፍ ያጣል። ምርቱ ይለያይ እንጂ ማማረሩ አንድ ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ ዲያቆንም ከዚህ በሽታ ነጻ አይደለሁም። በአብነት ትምህርት ቤት ቆይቼ፣ በኋላም በዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ ያዝኩ። ከእኩዮቼ አንዱ ባጃጅ ገዛ፣ አንዱ ቤት ሠራ፣ አንዱ ድንበር ተሻግሮ ሄደ። እኔ ግን በወሩ መጀመሪያ የተቀበልኩት ደመወዝ ወሩ ሳይጋመስ ያልቅብኛል። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ልቤን ሒሳብ ሲሠራ ያዝኩት። ሕዝቡ አቤቱ ማረን ሲል እኔ በልቤ ስደምርና ስቀንስ ነበር። እግሬ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ ልቤ ግን ድንበር ተሻግሮ ነበር ብል ይሻላል።

በዚያው ሰሞን ኅዳር 26 ቀን የናግራን ሰማዕታት መታሰቢያ ዋለ። ከእነርሱ ታሪክ ጋር የማይለየው የንጉሣችን የቅዱስ ካሌብ ታሪክ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ታሪክ ነው፤ ያን ዕለት ግን ለእኔ ተብሎ የተነገረ መሰለኝ። ምናልባት ከእናንተም መካከል እንደ እኔ ልቡ ሒሳብ የሚሠራ ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ንጉሡ ምን ነበረው?

ቅዱስ ካሌብ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነገሠ ንጉሥ ነው። የአባቱ ስም ታዜና ነው፤ የንግሥና ስሙ ደግሞ እለ አጽብሐ ይባላል። አክሱም በዚያ ዘመን ስሟ በሩቅ የሚሰማ ታላቅ መንግሥት ነበረች። በቀይ ባሕር ዳር አዱሊስ የተባለ ወደብ ነበራት። የዝሆን ጥርሱና ሌላው የአገር ሀብት ከዚያ ይጫናል፤ የሩቁ አገር ዕቃም በዚያ ይገባል። በራሱ ስም የወርቅ ገንዘብ የሚያወጣ መንግሥት በዚያ ዘመን ጥቂት ነበር። የካሌብ ስም ግን በወርቅ ላይ ተቀርጿል፤ ከዚያ ገንዘብ ተርፎ ዛሬም በሙዚየም የሚታይ አለ።

ንጉሡ ለዘመቻ በሚዘጋጅበት ወራት ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አዱሊስ መጥቶ ነበር። ይህ ሰው ኋላ በጻፈው መጽሐፍ በከተማይቱ መግቢያ ስላየው የእብነ በረድ ዙፋን ይነግረናል። በዙፋኑ ላይ በግሪክ ቋንቋ የተቀረጸ ጽሑፍ ነበር። ያስቀረጸው ከካሌብ ብዙ ዘመን በፊት የነበረ የአክሱም ንጉሥ ነው። ያስገበራቸውን ሕዝቦች፣ ከባሕር ወዲህም ከባሕር ማዶም ያንበረከካቸውን አገሮች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ካሌብ ይህ ጽሑፍ ተገልብጦ እንዲላክለት የአዱሊስን ገዥ አዘዘ፤ ገልብጠው ከሰጡት ሰዎች አንዱም ይኸው ኮስማስ ነው።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያ ጥንታዊ ንጉሥ የቆጠራቸው አገሮች ዝርዝር እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። የራሱ ስም ግን አልደረሰም። ያለውን ሁሉ አስቆጥሮ በድንጋይ ላይ አስጻፈ፤ ዝርዝሩ ቀረ፣ ባለቤቱ ግን ተረሳ። የኩንታላችንንና የብራችንን ዝርዝር ስንጽፍ ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

ለራሱ ሳይሆን ለሌላው ተነሣ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ523 ዓ.ም. ከቀይ ባሕር ማዶ ከባድ ነገር ሆነ። ዛሬ የመን በምንላት አገር የነገሠው ዙ ኑዋስ፣ በእኛ መጻሕፍት ፊንሐስ የሚባለው፣ በክርስቲያኖች ላይ ተነሣ። ናግራን የተባለችውን ከተማ ከበበ። ምንም አላደርጋችሁም ብሎ ምሎ በሩን ካስከፈተ በኋላ መሐላውን አፍርሶ ሕዝቡን ፈጀ። ሽማግሌው ቅዱስ ኂሩት በዚያ አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ፤ እናቶች ከነልጆቻቸው ወደ እሳት ገቡ።

ወሬው በየአገሩ ተሰማ። የሮሙ ንጉሥ ዮስጢኖስና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ጢሞቴዎስ ካሌብ ለእነዚህ ክርስቲያኖች እንዲደርስላቸው እንደ ጠየቁት ታሪካቸው ይናገራል። ካሌብ ለራሱ የጎደለው ነገር አልነበረም። ተደላድሎ በዙፋኑ መቀመጥ ይችል ነበር። እርሱ ግን ዝም አላለም። የንግሥና ልብሱን አውልቆ፣ እንደ ተራ ሰው ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ጸለየ። ከዚያም ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ ወደ ሆኑት ወደ አባ ጰንጠሌዎን በረከት ሊቀበል ሄደ። እኚህ አባት በጠባብ በዓታቸው 45 ዓመት ቆመው የጸለዩ መሆናቸውን ገድላቸው ይነግረናል። የወርቅ ዙፋን ያለው ንጉሥ መቀመጫ እንኳ ከሌላቸው መነኩሴ በረከት ለመነ! ምናልባት መርካት ምን እንደሆነ ንጉሡ መጀመሪያ ያየው በዚያች በዓት ደጃፍ ይሆናል።

በ525 መርከቦቹ ከአዱሊስ ተነሡ። ቁጥራቸው ወደ 70 እንደሚደርስ የሰማዕታቱ ታሪክ ይገልጻል። ባሕሩን ተሻግረው ውጊያ ሆነ፤ ድሉ የካሌብ ሆነ፤ ዙ ኑዋስም በዚያው ጠፋ። ካሌብ የተቃጠሉትን አብያተ ክርስቲያናት አሳነጸ፤ ለአገሪቱም ከዚያው ከአገሩ ሰው ክርስቲያን ገዥ ሾመላት። ከዚያ ወደ አገሩ ተመለሰ።

መልካሙ ምድር ያስቀራቸው

ሁሉም ግን አልተመለሰም። ፕሮኮፒየስ የተባለው የሮም ታሪክ ጸሐፊ ይህን ጉዳይ ጽፎታል። ከሠራዊቱ ብዙዎች የዚያን አገር መሬት እጅግ ወደዱት፤ ምድሩ መልካምና ለም ነበር። ንጉሡ ሲመለስ እነርሱ እዚያው ቀሩ። ኋላም ንጉሡ የሾመውን ገዥ አስረው አብርሃ የሚባል ሰው አነገሡ። (ይህ አብርሃ ከአጽብሓ ወንድም ከቅዱሱ አብርሃ ሌላ ነው።)

ካሌብም 3000 ወታደር በአንድ ዘመዱ አዝማችነት ላከ። እነዚህ 3000 ሰዎች ደግሞ አገሩን ባዩት ጊዜ ልባቸው ሸፈተ። ከአብርሃ ጋር በስውር ተስማሙ፤ በጦርነቱ መካከልም አዝማቻቸውን ገድለው ከጠላት ጋር ተቀላቀሉ። ንጉሡ ሌላ ጦር ቢልክም ተሸንፎ ተመለሰ።

የወንድሞችን ደም ለማስቆም በጸሎት የተሻገረ ሠራዊት የራሱን አዝማች ደም አፍስሶ መሬት ያዘ። ምን አጣልቶት? ርቦት አልነበረም፤ አገርም አላጣም። የባሕር ማዶው ከራሱ የተሻለ መሰለው፣ በቃ። ስግብግብነት እንዲህ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ዓይን ያያል፣ ከዚያ ልብ ያወዳድራል፣ ከዚያ እጅ ይዘረጋል። በእኛም ቆላ ስንት ወንድማማች በአንድ ትልም መሬት ተጣልቷል? ስንቱስ በድንበር ድንጋይ ምክንያት ከንስሐ አባቱ ጋር ሳይቀር ተኳርፎ ይኖራል?

ዘውዱን አኖረ

የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ስለ ንጉሡ የሚነግረን ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ካሌብ ዘውዱን ከራሱ አወረደ። ማንም አልነጠቀውም። ዘውዱን በጌታችን መቃብር ፊት እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ላከው። መንግሥቱን ለልጁ ተወ፤ ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ያሰማው በዚሁ በልጁ በገብረ መስቀል ዘመን ነው። እርሱ ራሱ ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ አባ ጰንጠሌዎን በነበሩበት ተራራ መነኮሰ።

በእኛው አገር መተማ ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው በማግሥቱ ማረፋቸውን ሁላችን እናውቃለን። የድንበሯ ከተማም በስማቸው መተማ ዮሐንስ ትባላለች። እርሳቸው ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ አገራቸው ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፤ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ከዚህም የምንማረው አለ። ዘውድ አንድ ቀን ከራስ ላይ መውረዱ አይቀርም። የአንዱ በጦር ሜዳ ይወርዳል፣ የአንዱ በሕመም አልጋ ላይ ይወርዳል፣ የአንዱ በእርጅና ይወርዳል። የካሌብ ልዩ የሆነው ገና በራሱ ላይ ሳለ በገዛ እጁ ማውረዱ ነው። ሰው ባዶ እጁን ሲቀር በቃኝ ቢል ብዙም አይደንቅም፤ ምን አማራጭ አለው? እጁ ሞልቶ ሳለ በቃኝ ያለ ግን እርሱ በእውነት ነጻ ወጥቷል።

ሰሌንና ጽዋ

ካሌብ ከቤተ መንግሥት ሲወጣ ሁለት ነገር ብቻ እንደ ያዘ ይነገራል። የሚተኛበት ሰሌንና ውሃ የሚጠጣበት ጽዋ። ሌላ ምንም የለም።

እኔን ያቆመኝ ይህ ቦታ ነው። በዚያ ትልቅ ቤተ መንግሥት ውስጥ ስንት ዕቃ እንደ ነበረ አስቡት። ወርቁ፣ ሐሩ፣ ዙፋኑ፣ ጋሻና ጦሩ። ሰው ለመኖር ግድ የሚያስፈልገው ሲጣራ ግን መተኛና መጠጫ ሆኖ ተገኘ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነበር። ካሌብ እነዚህን ሁለቱን ከገዳም አልተቀበላቸውም፤ ከቤቱ ይዟቸው ወጣ። ድሮም ነበሩት ማለት ነው። ወርቁ ጋርዷቸው እንደ ሆነ እንጂ።

አሁን ወደ እኛ አገር እንመለስ። በሰሊጥ ማሳ ዳስ ውስጥ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ምን አለው? ሰሌን ወይም ማዳበሪያ አንጥፎ ይተኛል፤ በጣሳ ወይም በኮዳ ውሃ ይጠጣል። የአክሱም ንጉሥ ከሀብቱ ሁሉ መርጦ ያወጣው ያንኑ ነው! ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት ምግብና ልብስ ካለን እርሱ እንዲበቃን ያስተማረው ይህንኑ አይደል?

ስለ ሌላው ግን በቃው አይባልም

እዚህ ላይ አንድ ወንድሜ ሊቆጣኝ ይችላል። አንተ ዲያቆን፣ ንጉሡ የሚተወው ነበረው፤ እኔ ለልጄ ደብተር መግዣ አጥቼ ምን ላይ ልርካ ነው የምትለኝ ሊል ይችላል። እውነቱን ነው፤ መልስ ይገባዋል።

መርካት ስንፍና አይደለም። ካሌብ ሰነፍ አልነበረም፤ ባሕር የተሻገረ ሰው ነው። መርካት ግፍን ዝም ብሎ ማየትም አይደለም። የናግራን ሰዎች ሲታረዱ ካሌብ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ አልተቀመጠም። ስለ ራሱ በቃኝ አለ፤ ስለ እነርሱ ግን በቃቸው አላለም። ልዩነቱን ያዙልኝ። በቃኝ የሚለው ቃል ለራስ ብቻ የተሰጠ ቃል ነው። ስለ ሌላው ሰው ስንናገረው ጭካኔ ይሆናል።

ባለ ማሳ የሆንክ ወንድሜ ሆይ፣ ሠራተኛህን ይህ ይበቃሃል ብለህ ከተስማማችሁበት ሒሳብ ብትቆርጥበት አንተ ረክተሃል አይባልም፤ ከሰሌኑ ላይ ቀማኸው እንጂ። በወባ የተኛውን ልጅ ሳታሳክም ከማሳህ ብትሸኘው ጾምህ ምን ይረባሃል? ሠራተኛ የሆንክ ወንድሜም የላብህን ዋጋ መጠየቅህ ኃጢአት አይደለም፤ ቅዱስ ያዕቆብም በመልእክቱ የተከለከለ የአጫጆች ደመወዝ ወደ ጌታ እንደሚጮኽ ነግሮናል። ኃጢአት የሚሆነው የሰውን ስታይ ያለህን መናቅህ ነው። ለልጅህ ደብተር መሥራት፣ መልፋት፣ ማሰብ ተገቢ ነው። የጎረቤትህ ልጅ በያዘው ቦርሳ ምክንያት በልጅህ ፊት ማፈር ግን ያንተ ድህነት ሳይሆን የዓይንህ በሽታ ነው።

ያለንን ማየት ለምን አስቸገረን? ሲወሰድብን ብቻ ስለምናየው ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል ስንት ሰው እንደ ገባ አይተናል። ካርቱም ላይ ቤትና መኪና የነበረው ሰው አንድ ቦርሳ አንግቶ ተሻገረ። ከእነርሱ መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ፤ ብዙ ዓመት ለፍተው ያከማቹትን ጥለው የመጡ። አቧራው ላይ ከልጆቿ ጋር ተቀምጣ ውሃ በመጠጫ የተቀበለች እናት ያን ሰዓት ከቤቷ ዕቃ የትኛውን ትቆጥር ነበር? ልጆቿን ብቻ ነው የቆጠረችው።

በዚህ ጾም ምን እናድርግ?

ሁላችን አንመነኩስም፤ ቤተ ክርስቲያንም ያንን ሁሉን አልጠየቀችም። ነገር ግን ከካሌብ ሦስት ትንንሽ ነገር መውሰድ እንችላለን።

አንደኛ፣ ማታ ከመተኛታችን በፊት የራሳችንን ብቻ እንቁጠር። የጎረቤትን ቁጥር ከሒሳቡ እናውጣው። ጤና ያደረ ልጅ፣ የተሸከመን እግር፣ የሚጠራን ስም፣ ቆርሰን የምንበላው እንጀራ፤ እነዚህን በጸሎት እንጥራቸው።

ሁለተኛ፣ ዕዳችንን እንክፈል። የሠራተኛ ደመወዝ በእጃችን ካለ ገና ለልደት ሳይደርስ እንስጥ። የሰውን ገንዘብ ይዞ ተመስገን ማለት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ከሞላው እጃችን አንድ ነገር እናኑር። ካሌብ ዘውዱን አኖረ። እኛ ለጾሙ ያልበላነውን ምሳ ለተራበ እንስጥ፤ ወይም ያልተለበሰ ጋቢ ከሣጥን እናውጣ። ስንቆጥረው የኖርነውን ነገር አንድ ጊዜ በፈቃዳችን ስንሰጠው እጃችን መፍታትን ይማራል።

የቅዱስ ካሌብ ዕረፍት ግንቦት 20 ቀን ይታሰባል። በግሪኮችና በላቲኖች አብያተ ክርስቲያናትም ስሙ ከቅዱሳን ጋር ይጠራል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በብራዚል በባርነት የነበሩ አፍሪካውያን እንኳ በስሙ ማኅበር መሥርተው ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል። የራሳቸው ሰውነት እንኳ የእነርሱ ያልነበረ ሰዎች፣ ሁሉን ትቶ ከወጣው ንጉሥ ጋር ተወዳጁ። አክሱምን የሚሳለም ሰው ከከተማዋ ወጣ ብሎ የካሌብና የገብረ መስቀል መቃብር የሚባለውን ያያል። ድንጋዮቹ ያለ ጭቃ እርስ በርሳቸው ገጥመው ቆመዋል። የአዱሊሱ ዝርዝር ባለቤት ስሙ ጠፋ፤ ሰሌንና ጽዋ ይዞ የወጣው ስሙ በየዓመቱ ይጠራል።

እኔም ደመወዜ እስካሁን አልጨመረም። ወሩ ሳይጋመስ ማለቁንም አልተወም። አሁንም ቅዳሴ ላይ ልቤ አልፎ አልፎ ሒሳብ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሰሌኑንና ጽዋውን አስታውሳለሁ፤ እቤቴ የትኞቹ እንደሆኑም አውቃለሁ። ከዚያ ልቤን ወደ ቅዳሴው እመልሰዋለሁ።

የቅዱስ ካሌብ አምላክ ያለንን የምናይበት ዓይን፣ ለሌላው የምንዘረጋበት እጅ ይስጠን። ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ልደቱ ያድርሰን። የንጉሡና የናግራን ሰማዕታት ጸሎት፣ የእመቤታችን አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር